«ከዘር ነው» ሲባል ምን ማለት ነው? የሰውነት መከላከያ ራሱን የሚወጋባቸው በሽታዎችና የዘረ መል ድርሻ

ከሐረር ከተማ ብዙ ሳይርቅ ቢሲዲሞ የሚባል ሥፍራ ይገኛል። ሥፍራው በአገራችን የሕክምና ታሪክ ውስጥ የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በጀርመን በጎ አድራጊዎች ድጋፍ በተቋቋመው የሥጋ ደዌ ሕሙማን ማዕከል ነው። ኖርዌጂያዊው ሐኪም ጌርሃርድ አርማወር ሐንሰን የዚህን በሽታ ባክቴሪያ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1873 ነበር። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት አልፎም በሽታው በብዙ የአገራችን ክፍሎች «ከዘር የሚወርድ» ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። ሕሙማኑ ብቻ ሳይሆኑ ጤነኞች ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ጭምር ከጋብቻና ከማኅበራዊ ኑሮ የተገለሉት በዚሁ አስተሳሰብ የተነሣ ነው። ዛሬ በሽታው እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በሚሰጠው የመድኃኒቶች ቅንጅት ፈጽሞ እንደሚድን፣ በባክቴሪያ እንጂ በዘር እንደማይመጣ የታወቀ ነው። ስሕተቱ ግን በብዙ ቤተሰብ ላይ ያደረሰው ጉዳት በመድኃኒት የሚጠገን አይደለም።

ይህን ታሪክ በመግቢያችን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፉት አምሳ ዓመታት ሳይንስ ራሱ ስለ ሌሎች በሽታዎች «የዘር ድርሻ አላቸው» ማለት ጀምሯል። ከእነዚህ መካከል ጣትን የሚያጣምመው ሩማቶይድ አርትራይተስ፣ ወጣቶችን የሚይዘው አንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ፣ ሉፐስ፣ ራስን የሚያጠቃ የጉበት ብግነትና ብዙ ሰው «ለምጽ» የሚለው ቫይቲሊጎ ይገኙበታል። አባባሉ እውነት ነው። ነገር ግን በሳይንስ ቋንቋ የተነገረው «የዘር ድርሻ» በመንደር ቋንቋ «በዘራቸው አለ» ተብሎ ከተተረጎመ፣ በሥጋ ደዌ ሕሙማን ቤተሰቦች ላይ የደረሰው በደል በሌሎች ላይ መደገሙ አይቀርም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የዘር ድርሻ ማለት በትክክል ምን እንደሆነ፣ ከየትኛው የሰውነታችን ክፍል እንደሚመነጭና ገደቡ የት ላይ እንደሆነ ለማብራራት እንሞክራለን።

ዘበኛው ነዋሪውን ሲይዝ

የሐረር ጀጎል ግንብ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተሠራ ነው። አምስቱ ጥንታዊ በሮቹ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር ይባላሉ። የእንዲህ ያለ ግንብ ጥቅም ሰው ሁሉ እንዳይገባ መከልከል አይደለም፤ እንዲያ ቢሆን ኖሮ ሐረር የንግድ ከተማ ባልሆነች ነበር። ጥቅሙ በበሩ ላይ በቆመው ዘበኛ አማካይነት ነጋዴውን ከወራሪው፣ ነዋሪውን ከባዕዱ መለየት ነው። የሰውነታችን የበሽታ መከላከያ ሥርዓትም ከሁሉ በላይ የመለየት ሥርዓት ነው። ጠላትን ከመውጋት በፊት ጠላት ማን እንደሆነ ማወቅ አለበት።

ይህ የመለየት ችሎታ ሲሳሳት መከላከያው የገዛ አካሉን እንደ ወራሪ ቆጥሮ ይወጋል። በሕክምና ቋንቋ «ኦቶኢሚውን» የሚባሉት በሽታዎች እነዚህ ናቸው። የሚጠቃው አካል የመገጣጠሚያዎች ውስጠኛ ስስ ሽፋን ሲሆን ሩማቶይድ አርትራይተስ ይባላል። ኢንሱሊን የሚያመነጩት የቆሽት ሕዋሶች ሲሆኑ አንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ይከተላል። የቆዳን ቀለም የሚሠሩት ሕዋሶች ሲጠቁ ደግሞ ቫይቲሊጎ ይከሠታል። በነገራችን ላይ ቫይቲሊጎ ከሥጋ ደዌ ጋር አንዳችም ዝምድና የለውም፤ አይተላለፍም፤ ሁለቱን ማምታታት ግን እስከ ዛሬ አልጠፋም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአማርኛ «ቁርጥማት» የምንለው ቃል እጅግ ሰፊ ነው፤ ልዩ ልዩ መነሻ ያላቸውን ሕመሞች ሁሉ ያቅፋል። ሪህ የሚባለው በመገጣጠሚያ ውስጥ ከሚከማቹ የዩሪክ አሲድ ክሪስታሎች የሚመጣ ነው። በዕድሜ የገፉ ሰዎች የጉልበት ሕመም ብዙውን ጊዜ ከልስልስ አጥንት መጎዳት ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በድሬዳዋ የተነሣው የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ40 ሺህ በላይ ሰዎችን ይዟል። ይህ በትንኝ የሚተላለፍ ቫይረስ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ለወራት የሚቆይና ሩማቶይድ አርትራይተስን የሚመስል የመገጣጠሚያ ሕመም ያስከትላል። ከዚህም የከፋ ምሳሌ በሐረር ታሪክ ውስጥ አለ። በከተማዋ ነጋዴ ሆኖ የኖረው ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1891 ቀኝ እግሩን ሲያመው የደም ሥር እብጠትና ቁርጥማት መስሎት ለእናቱ ጽፎ ነበር። በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ዘይላ ወደብ አወረዱት፤ ማርሴይ ደርሶ በግንቦት ወር እግሩ ተቆረጠ፤ በኅዳር ወር ሞተ። ሕመሙ ቁርጥማት ሳይሆን ነቀርሳ ነበር። እንግዲህ ስለ ዘር ከመነጋገር በፊት የበሽታውን ማንነት በሐኪም ማረጋገጥ ይቀድማል።

መንትዮች ምን ይመሰክራሉ?

ሩማቶይድ አርትራይተስ በብዙ የዓለም ሕዝቦች ዘንድ ከ200 ሰዎች አንዱን እስከ ከ100 ሰዎች አንዱን ያህል ይይዛል። ሴቶችን ከወንዶች ሁለትና ሦስት እጥፍ ያጠቃል። የዘር ድርሻን ለመመዘን ከሁሉ የተሻለው የተፈጥሮ ሙከራ የመንትዮች ነው። ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንትዮች ዘረ መላቸው አንድ ዓይነት ነው ለማለት ይቻላል፤ ከሁለት እንቁላል የተገኙት ግን እንደ ማንኛውም ወንድምና እኅት ግማሹን ያህል ይጋራሉ። በሽታው ሙሉ በሙሉ በዘር የሚወሰን ቢሆን ኖሮ ከአንድ እንቁላል ከተገኙ መንትዮች አንዱ ሲታመም ሌላውም ሁልጊዜ መታመም ነበረበት።

እ.ኤ.አ. በ1993 በብሪታንያ የተካሄደ ሰፊ ጥናት ያገኘው ግን ከዚህ የራቀ ነው። ከአንድ እንቁላል ከተገኙት መካከል ሁለቱም መንትዮች የታመሙት በ15 በመቶ ያህሉ ጥንዶች ብቻ ሲሆን፣ ከሁለት እንቁላል ከተገኙት መካከል ደግሞ በ4 በመቶ ያህሉ ነበር። ሁለቱን ቁጥሮች አብረን እናንብባቸው። 15 ከ4 ይበልጣል፤ ስለዚህ ዘር ድርሻ አለው። ነገር ግን 15 ከ100 እጅግ ያንሳል፤ ስለዚህ ዘር ብቻውን አይበቃም። ያንኑ ዘረ መል ከተሸከሙት መንትዮች አብዛኞቹ ወንድማቸው ወይም እኅታቸው ታሞ እነርሱ አልታመሙም።

አንባቢ በሌላ ቦታ «የሩማቶይድ አርትራይተስ ተወራሽነት 60 በመቶ ነው» የሚል ቁጥር ያጋጥመው ይሆናል። ይህ ቁጥር በስሕተት «የታማሚ ልጅ የመታመም ዕድሉ 60 በመቶ ነው» ተብሎ ሲተረጎም ይሰማል። ነገሩን በሐረርጌ ማሽላ እንመልከተው። ልዩ ልዩ ዘር በአንድ ወጥ መሬት ላይ ዘርተን ውኃውንም እኩል ብናጠጣ፣ በአገዳዎቹ ቁመት መካከል የምናየው ልዩነት በአመዛኙ ከዘሩ የመነጨ ይሆናል። ያንኑ ዘር ግማሹን በሸለቆ፣ ግማሹን በገደል አፋፍ ብንዘራው ግን ከልዩነቱ ብዙው የመሬቱ ይሆናል። ዘሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የዘሩ «ድርሻ» ነው። ተወራሽነት የሚለካው ይህንን ነው፤ ማለትም በአንድ ሕዝብ ውስጥ፣ በአንድ ዘመንና አካባቢ፣ በሰዎች መካከል ከሚታየው ልዩነት ምን ያህሉ ከዘረ መል ልዩነት ጋር እንደሚሄድ ነው። ስለ አንድ ሰው ዕጣ የሚናገረው ነገር የለም። ለአንድ ሰው የሚጠቅመው ቁጥር ሌላ ነው፤ የታማሚ ልጅ፣ ወንድም ወይም እኅት የመታመም ዕድል ከሌላው ሰው ጥቂት እጥፍ ይበልጣል። መነሻው ከ100 አንድ ወይም ከዚያ በታች በመሆኑ ግን ጥቂት እጥፍ ሆኖም ትንሽ ነው። ከታማሚ የቅርብ ዘመዶች መካከል እጅግ የሚበዙት ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚህ በሽታ አይያዙም።

የስድስተኛው ክሮሞዞም ሰፈር

የዘር ድርሻው የተሰበሰበው የት ነው? ከመቶ በላይ የሆኑ የዘረ መል ሥፍራዎች ከሩማቶይድ አርትራይተስ ጋር ዝምድና እንዳላቸው ታውቋል። የአብዛኞቹ ተጽዕኖ ግን ጥቂት ነው። ከሁሉ የሚበልጠው በስድስተኛው ክሮሞዞም ላይ የሚገኘው፣ ኤችኤልኤ በመባል የሚታወቀው የጂኖች ሰፈር ነው።

የዚህን ሰፈር ሥራ ለመረዳት ወደ ሐረር ቡና እንሂድ። የቡና ነጋዴ ጆንያውን ሁሉ ፈትቶ አያይም። ከየጆንያው ጥቂት ናሙና አውጥቶ በሰፌድ ላይ ይዘረጋል፤ ገዢው ናሙናውን አይቶ ስለ ጆንያው ይፈርዳል። በሰውነታችንም እንዲሁ ነው። የተወሰኑ ሕዋሶች ያገኟቸውን ፕሮቲኖች ይቆራርጡና ቁራጮቹን በኤችኤልኤ ሞለኪውሎች ላይ አኑረው ወደ ውጭ ያሳያሉ። ቲ ሕዋስ የሚባለው የመከላከያ ሕዋስ ናሙናውን መርምሮ «የራስ ነው» ወይም «የባዕድ ነው» ብሎ ይፈርዳል። ሰፌዱ የኤችኤልኤ ሞለኪውል፣ ገዢው ቲ ሕዋስ ነው ማለት ነው።

የሰፌዱ ቅርጽ ከሰው ሰው ይለያያል። እያንዳንዳችን ከእናታችንና ከአባታችን አንድ አንድ ስብስብ እንወርሳለን፤ በዓለም ላይ እስካሁን የተመዘገቡት የኤችኤልኤ ዓይነቶች ከ40 ሺህ በላይ ናቸው። ከሰው ልጅ ዘረ መል ሁሉ ይህን ያህል ዝንጉርጉር የሆነ ሰፈር የለም። ዝንጉርጉርነቱም ያለ ምክንያት አልመጣም። አንድ ሰፌድ የአንዱን ተህዋስ ናሙና በደንብ ይይዛል፤ ሌላው የሌላውን። ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ሰፌድ ቢኖረው በዚያ ሰፌድ ላይ የማይያዝ አንድ ተህዋስ ሕዝቡን በሙሉ ሊፈጅ ይችል ነበር። ለዛሬው በሽታ የሚያጋልጡን ብዙዎቹ ዓይነቶች አያቶቻችንን ከወረርሽኝ ያተረፉ ሊሆኑ እንደሚችሉ ሊቃውንት ያስረዳሉ።

የሩማቶይድ አርትራይተስ ጉዳይ ከዚህ ሰፈር ጋር የተገናኘው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። ፒተር ስታስትኒ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣው ጥናት ዲአር4 የተባለው ዓይነት በሕሙማን ዘንድ ከጤነኞች ይልቅ በብዛት እንደሚገኝ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ ፒተር ግሬገርሰንና ባልደረቦቹ ከበሽታው ጋር ዝምድና ያላቸውን ልዩ ልዩ ዓይነቶች አነጻጽረው የሚጋሩትን አንድ ነገር አገኙ። ዲአርቢ1 የተባለው ጂን በሚሠራው ፕሮቲን ላይ ከ70ኛው እስከ 74ኛው ቦታ ድረስ የሚገኙት አምስት አሚኖ አሲዶች ተመሳሳይ ነበሩ። በሺህዎች ከሚቆጠሩ ፊደሎች መካከል ጉዳዩ ወደ አምስት ፊደል ወረደ።

ስለ ኤሌክትሪክ ሙል ጥቂት

የፊዚክስ መምህር ስለዚህ ጉዳይ ብዕር የሚያነሣው ከዚህ በኋላ ባለው ታሪክ ምክንያት ነው። ያው እ.ኤ.አ. 1987 የኤችኤልኤ ሞለኪውል ቅርጽ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይን የታየበት ዓመት ነበር። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፓሜላ ብዮርክማን፣ ዶን ዋይሊና ጃክ ስትሮሚንገር ከባልደረቦቻቸው ጋር ሞለኪውሉን ወደ ክሪስታል ለውጠው በኤክስ ሬይ መረመሩት። ኤክስ ሬይ በክሪስታል ውስጥ ሲያልፍ የሚበተንበትን አኳኋን ለክቶ የአቶሞቹን አቀማመጥ ማስላት የፊዚክስ ሊቃውንት ከ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ የሠሩበት ዘዴ ነው። የታየው ቅርጽ ከላይ በሰፌድ የመሰልነው ነው፤ ከላዩ ረጅም ቦይ አለው፤ በቦዩም ውስጥ የናሙናውን ጎንና ጎን የሚይዙ ኪሶች አሉ። ዲአር የተባለው ዓይነት ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲታወቅ፣ እነዚያ አምስት አሚኖ አሲዶች ከኪሶቹ በአንዱ ጠርዝ ላይ የተቀመጡ መሆናቸው ታየ።

አሁን ማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚያውቀውን የኩሎም ሕግ እናስታውስ፤ ተመሳሳይ ሙሎች ይገፋፋሉ፣ ተቃራኒ ሙሎች ይሳሳባሉ። ለበሽታው በሚያጋልጡት ዓይነቶች ውስጥ በ71ኛው ቦታ ላይ የሚገኘው አሚኖ አሲድ ፖዘቲቭ ሙል አለው፤ ስለዚህ ኪሱ ፖዘቲቭ ነው። አርጂኒን የሚባለው አሚኖ አሲድም ፖዘቲቭ ነው። አርጂኒን ያለበት የራስ ፕሮቲን ቁራጭ ወደዚህ ኪስ ሲቀርብ ይገፋል፤ በሰፌዱ ላይ አይቀመጥም፤ ቲ ሕዋስም አያየውም። ሰላም ነው።

ነገር ግን በሰውነታችን ውስጥ አርጂኒንን ወደ ሲትሩሊን የሚለውጥ ኢንዛይም አለ። ለውጡ በክብደት ሲታይ ከአንድ የሃይድሮጅን አቶም ክብደት የማይበልጥ ነው። በኤሌክትሪክ ሲታይ ግን ሁሉን ነገር ይለውጣል፤ ፖዘቲቭ ሙሉ ይጠፋና ሲትሩሊን ገለልተኛ ይሆናል። የሚገፋ ኃይል የለም፤ ቁራጩ በኪሱ ውስጥ ተደላድሎ ይቀመጣል። ቲ ሕዋስ ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቀውን ናሙና ያያል፤ «ባዕድ ነው» ብሎ ከፈረደም ጦርነቱ ይጀመራል። በብዙ የሩማቶይድ አርትራይተስ ሕሙማን ደም ውስጥ ሲትሩሊን ያለባቸውን ፕሮቲኖች የሚቃወሙ አንቲቦዲዎች ይገኛሉ። እነዚህ አንቲቦዲዎች መገጣጠሚያው ከማበጡ ከዓመታት በፊት በደም ውስጥ ሊታዩ እንደሚችሉም ተረጋግጧል።

ለዚህ አተረጓጎም ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው ከዚያው ከዲአር4 ቤተሰብ የሆነ ሌላ ዓይነት ነው። ይህ ዓይነት በ70ኛውና በ71ኛው ቦታዎች ላይ ኔጌቲቭ ሙል ያላቸው አሚኖ አሲዶች አሉት፤ ከሩማቶይድ አርትራይተስ ጋርም እንደ ወንድሞቹ አልተዛመደም። የአንድ ቤተሰብ ልጆች፣ የጥቂት ፊደል ልዩነት፣ የተለየ ዕጣ።

የጎንደሩ ጥናት

እስካሁን የጠቀስናቸው ጥናቶች በአብዛኛው የተካሄዱት በአውሮፓና በአሜሪካ ነው። ለእኛ ሕዝብ ምን ያህል ይሠራሉ? ጥያቄው ለአገራችን ሐኪሞች አዲስ አይደለም። ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋ ከለንደን ተመራማሪዎች ጋር በመተባበር ራስን የሚያጠቁ በሽታዎች በኢትዮጵያ ምን ያህል እንደሚገኙ የሚመረምር ጽሑፍ ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1980 ነበር። የዘረ መል ማስረጃው የመጣው ግን ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በአንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ በኩል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠር የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከ35 ዓመት ያልበለጠና ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው 236 የአማራ ተወላጅ ሕሙማንን ከ200 ጤነኞች ጋር ያነጻጸረ ጥናት አወጡ። ሕሙማኑ ቀጫጮችና ዕድገታቸው የቀጨጨ ነበር፤ የአብዛኞቹ በሽታ የጀመረውም ከልጅነት በኋላ ነው። ይህ አውሮፓውያን ከሚያውቁት መልክ ስለሚለይ በእርግጥ ራስን የሚያጠቃ በሽታ ነውን የሚል ጥርጣሬ ነበር። ውጤቱ ጥርጣሬውን በእጅጉ አቀለለው። በሽታው 15 ዓመት ሳይሞላቸው ወይም በ15 ዓመታቸው ከጀመራቸው መካከል 86 በመቶ፣ ከ26 እስከ 35 ዓመት ባለው ዕድሜ ከጀመራቸው መካከል ደግሞ 50 በመቶ የሚሆኑት የገዛ አካላቸውን የሚቃወም አንቲቦዲ ነበራቸው። በዘረ መል በኩልም ዲአር3 እና ዲአር4 የተባሉት ዓይነቶች ለበሽታው ሲያጋልጡ፣ ዲአር15 ከበሽታው የሚጠብቅ ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ ሁለት ነገሮች እንማራለን። አንደኛው፣ በአውሮፓ የታወቀው የስድስተኛው ክሮሞዞም ሰፈር በእኛም ዘንድ ያው ሰፈር መሆኑ ነው። ዲአር4 ከሩማቶይድ አርትራይተስም ከስኳር በሽታም ጋር ዝምድና አለው፤ ዲአር3 እና ዲአር4 በአውሮፓ ጥናቶች ራስን ከሚያጠቃ የጉበት ብግነት ጋርም ተያይዘዋል። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ አንዱ መገጣጠሚያውን፣ ሌላው ስኳር፣ ሦስተኛው ቆዳውን የሚታመምበት ጊዜ መኖሩ ከዚህ የተነሣ ነው። ሁለተኛው ትምህርት ከዚህ ይበልጣል። በጎንደር ከስኳር በሽታ የሚጠብቀው ዲአር15 በአውሮፓ መልቲፕል ስክለሮሲስ ለሚባለው የነርቭ በሽታ የሚያጋልጥ ዋነኛው የዘር ምልክት ነው። ያው ሰፌድ አንዱን ናሙና ይደብቃል፤ ሌላውን ያጋልጣል። እንግዲህ «ጥሩ ዘር» እና «መጥፎ ዘር» ብሎ መለየት በሳይንስ ዘንድ መሠረት የለውም። ከአንዱ በሽታ የሚያመልጥ ቤተሰብ ለሌላው የተጋለጠ ነው፤ ንጹሕ ቤት የለም።

ክብሪቱን የሚጭረው

ዘረ መል ደረቅ ጭራሮ ቢሆን የሚለኩሰው ነገር ያስፈልገዋል። ከሁሉ ይበልጥ የተመሰከረበት የትምባሆ ጭስ ነው። ጭሱ በሳንባ ውስጥ ብግነት ይፈጥራል፤ አርጂኒንን ወደ ሲትሩሊን የሚለውጠውንም ሂደት ያፋጥናል። እ.ኤ.አ. በ2006 ከስዊድን በወጣ ጥናት ከሁለቱም ወላጆቻቸው የሚያጋልጠውን ዓይነት የወረሱና የሚያጨሱ ሰዎች፣ ዓይነቱም ከሌላቸው ከማያጨሱትም ሰዎች ጋር ሲነጻጸሩ፣ ፀረ ሲትሩሊን አንቲቦዲ ያለበትን ሩማቶይድ አርትራይተስ የመያዝ አደጋቸው 21 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ከሁለቱ ምክንያቶች አንዱን ልንለውጠው አንችልም፤ ሌላውን ግን በእጃችን ይዘነዋል።

ዘር ሳይለወጥ አካባቢ ሲለወጥ ምን እንደሚሆን ከወገኖቻችን ታሪክ እናያለን። እ.ኤ.አ. በ1984 እና 1985፣ ከዚያም በግንቦት 1991 ወደ እስራኤል የተወሰዱት ቤተ እስራኤላውያን ዘረ መላቸውን ይዘው ሄደዋል። ከዓመታት በኋላ የእስራኤል ሐኪሞች አንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ በዚህ ማኅበረሰብ ወጣቶች ዘንድ እየበዛ መምጣቱን አስተዋሉ፤ ጉዳዩን የመረመሩትም የዘረ መሉን ዓይነትና የአዲሱን አካባቢ ድርሻ አንድ ላይ አድርገው ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዘረ መል አይለወጥም፤ የተለወጠው ኑሮው ነበር።

ወደ ሐረር ስንመለስ ጥያቄው በጉበት በኩል ይጠብቀናል። የኢትዮጵያና የኖርዌይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 እና 2016 በጁገልና በሕይወት ፋና ሆስፒታሎች ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ያለባቸውን 150 ሰዎች መረመሩ። ከሦስቱ የአንዱ ያህል ምክንያት የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ነበር። ከግማሽ በሚበልጡት ግን የታወቀ ምክንያት አልተገኘም፤ የአልኮል መጠጥም ድርሻው አነስተኛ ነበር። ሕሙማኑ ከ300 ጤነኞች ጋር ሲነጻጸሩ፣ ለረጅም ጊዜና በብዛት ጫት በቃሙት ላይ የበሽታው አደጋ ከአምስት እጥፍ በላይ ከፍ ብሎ ተገኘ። በለንደን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣት ሶማሌዎች ላይ ራስን የሚያጠቃ የጉበት ብግነትን የሚመስል ያልተለመደ በሽታ መታየቱ ተዘግቦ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በቃሚዎች ላይ ተመሳሳይ ዘገባዎች ወጥተዋል። ጫት በዘር በተጋለጡ ሰዎች ላይ መከላከያውን አነሣሥቶ ጉበታቸውን እንዲወጋ ያደርጋልን? ይህ ገና መላ ምት ነው፤ ጫቱ ራሱ ሕዋሶችን የሚጎዳበትም መንገድ ሊኖር ይችላል። ነገር ግን መላ ምቱን ለመፈተን ከሐረር የተሻለ ሥፍራ በዓለም ላይ ማግኘት ያስቸግራል። በበርጫ ላይ ብዙ ጊዜ ከጫቱ ጋር ሲጋራ እንደሚጨመር ለሚያስብ ሰው ጉዳዩ የጉበት ብቻ አለመሆኑም ግልጽ ነው።

ከዚህ ምን እንያዝ?

በመጀመሪያ፣ ጠዋት ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚቆይ የእጅና የእግር መተሳሰር፣ በሁለቱም እጆች ወይም እግሮች ትናንሽ መገጣጠሚያዎች ላይ እኩል የሚታይ እብጠት፣ ይህም ከስድስት ሳምንት በላይ ከቀጠለ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። ሩማቶይድ አርትራይተስ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከተያዘ እንደ ሜቶትሬክሴት ባሉ መድኃኒቶች ሊገታ ይችላል። አጥንቱ ከተበላ በኋላ ግን የተጣመመው ጣት አይቃናም። «ከዘር ነው፤ ምን ይደረጋል» ብሎ መቀመጥ ብዙዎችን እጃቸውን አስከፍሏቸዋል። የዘር ድርሻ ያለው በሽታ ሁሉ የማይታከም አይደለም። ሕመም ያስታግሳሉ ተብለው ከመድኃኒት ቤት ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዙ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶችም ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ የራሳቸውን ከባድ ጉዳት ያመጣሉ።

ሁለተኛ፣ ጤነኛ ሰው የኤችኤልኤ ምርመራ ልሥራ ቢል ጥቅሙ አነስተኛ ነው። ከሚያጋልጡት ዓይነቶች አንዱን የተሸከሙ አብዛኞቹ ሰዎች አይታመሙም፤ ያልተሸከሙትም ሊታመሙ ይችላሉ። በውጭ አገር የተዘጋጁት የዘረ መል መመዘኛዎችም በአብዛኛው የተቀመሩት ከአውሮፓውያን ናሙና ነው። የጎንደሩ ጥናት የአማራው ሕዝብ ዘረ መል ከአውሮፓውያንም ከሌሎች አፍሪካውያንም የተለየ መልክ እንዳለው አሳይቷል። በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ ለእኛ ልክ መሆኑ በመለካት እንጂ በግምት አይታወቅም። የሐረሪው፣ የኦሮሞው፣ የሶማሌው፣ የአርጎባውና የአማራው ሕሙማን በአንድ ሆስፒታል ኮሪደር የሚገናኙባት ይህች ከተማ፣ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲም የጤና ኮሌጅ መቀመጫ እንደመሆኗ፣ ለዚህ ልኬታ የተመቸች ናት።

ሦስተኛውና የመጨረሻው ስለ ጋብቻ ነው። ሽማግሌ ሲላክ የቤተሰብ በሽታ መጠየቁ አይቀርም። «እናቷ እጇ ተጣሟል፤ ከዘር ነው ወይ?» ለሚል ጠያቂ የሳይንስ መልስ አጭር ነው። ከዘር የሚወረሰው በሽታው አይደለም፤ የሰፌዱ ቅርጽ ነው። ሰፌድ ደግሞ የሌለው ቤት የለም፤ የጠያቂውም ቤት ቢሆን። ከታማሚ እናት ከሚወለዱ መቶ ልጆች እጅግ የሚበዙት በዚህ በሽታ ሳይያዙ ይኖራሉ፤ የቀሩትም በጊዜ ከታከሙ ሠርተው፣ ወልደውና አሳድገው ይኖራሉ። በሥጋ ደዌ ሕሙማን ቤተሰቦች ላይ የተፈረደው ፍርድ ሳይንሱ ሳይታወቅ የተፈረደ ነበር። ዛሬ ያን ፍርድ በሌሎች ላይ ብንደግም ግን የምናቀርበው ምክንያት አይኖረንም።